ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፦ ሰማያዊው ምልክት የሚነግረንና የሚደብቅብን

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሥራው አንድ ነው፦ ሃርድ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን፣ ስማርት የሚባለውን መዝገብ አንብቦ ማሳየት። ይህን በሚገባ ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ከሚያነበው ሰው ነው፤ ሰማያዊውን «ጉድ» የሚል ጽሑፍ አይቶ ፋይሎቼ ደኅና ናቸው ብሎ የሚተኛው ብዙ ነው። ቃሉን እንደ እንግሊዝኛ ሳይሆን እንደ አማርኛ ማንበብ አንዳንዴ ይሻላል።

ማውረጃው ገጽ ላይ በጃፓን ካርቱን ያሸበረቁ ዓይነቶችም አሉ፤ ልዩነታቸው መልክ ብቻ ስለሆነ ስታንዳርዱ ይበቃል። የዚፑን ፋይል ከወሰዱ መጫን ሳያስፈልግ ከፍላሽም ይከፈታል። ሲነሣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የዲስኩን መዝገብ ለማንበብ ስለሚያስፈልገው ነው።

መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የቁጥሮቹ አጻጻፍ ነው። ፕሮግራሙ ጥሬ ቁጥሮቹን በ16 መሠረት ስለሚጽፍ፣ «10» ተብሎ የሚታየው 16 ነው። ፈንክሽን፣ አድቫንስድ ፊቸር፣ ሮው ቫልዩስ በሚለው መንገድ ገብቶ ወደ ተለመደው 10 መሠረት መቀየር ያስፈልጋል። ይህ ከመጀመሪያው እንዲህ ሆኖ አለመምጣቱ የፕሮግራሙ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል፣ ወይም መደንገጥ ሲገባው ያልፋል።

ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ዓይን የሚያሻቸው አራት መስመሮች ናቸው። 05 ዲስኩ ተበላሽተው ያገኛቸውንና በትርፍ ቦታ የተካቸውን ሴክተሮች፣ ማለትም ትንንሽ የመረጃ ክፍሎቹን፣ ይቆጥራል። ሲ5 ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቆጥራል፤ በላያቸው ላይ ሲጻፍ ከተሳካ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ካልተሳካ ወደ 05 ይዛወራሉ። ስለዚህ ሲ5 ወደ ዜሮ ሲመለስ 05ም አብሮ ማደጉን ማየት ነው። ሲ6 ሊታረሙ ያልቻሉትን ይይዛል። ሲ7 ግን ከሌሎቹ ይለያል፦ በዲስኩና በቦርዱ መካከል የተበላሸ ዝውውርን ስለሚቆጥር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሁለቱን የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ነው። ገመዱ ከተቀየረ በኋላም የቆየው ቁጥር አይጠፋም፤ መጨመሩን ካቆመ ችግሩ ተፈቷል ማለት ነው። በአንጻሩ በሲጌት ዲስኮች ላይ 01 እና 07 የሚባሉት መስመሮች ግዙፍ ቁጥር ማሳየታቸው የተለመደ ነው፤ አያስፈራም።

ቀለሞቹም መፈታት አለባቸው። ከ05፣ ከሲ5 ወይም ከሲ6 በአንዱ ላይ ጥሬ ቁጥሩ 1 ሲደርስ ፕሮግራሙ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ይህ ጥብቅነት ትክክል ነው። ቀዩ የሚመጣው ግን አምራቹ ያስቀመጠው ወለል ሲታለፍ ስለሆነ፣ ቀይ እስኪያይ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። ግራጫ ደግሞ መረጃ አልተገኘም ማለት ነው፤ በአንዳንድ የዩኤስቢ መያዣዎች ውስጥ ያሉ ዲስኮች መዝገባቸውን ስለማያሳልፉ ያጋጥማል። ሌላ መያዣ ወይም ቀጥታ የሳታ ገመድ ይፈታዋል።

ፕሮግራሙ ሲከፈት ብቻ ስለሚያይ፣ ከፈንክሽን ውስጥ ሪዚደንትንና ስታርትአፕን ማብራት ይገባል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ከሰዓቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል። የማይሠራው ነገር የዲስኩን ሙሉ ፍተሻ ማስኬድ ነው። ለዚያ ጂስማርት ኮንትሮል ይሻላል፤ በሊኑክስም ይሠራል።

ቢጫ ከታየ ቸኩሎ የሚሠራው ስሕተት የዊንዶውሱን ዲስክ አራሚ፣ ቼክ ዲስክን፣ ወይም የፋይል አደራጁን፣ ዲፍራግን፣ ማስኬድ ነው። ሁለቱም የደከመውን ዲስክ ለሰዓታት ያለፋሉ፤ ቼክ ዲስክ ደግሞ የፋይሎቹን አወቃቀር «ሲያርም» ሊተርፍ የሚችለውን ያጠፋል። መጀመሪያ ዳግም የማይገኙት ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዱ፤ ዊንዶውሱና ፕሮግራሞቹ እንደገና ይጫናሉ። አንድ ፋይል ላይ ከቆመ ዘሎ ማለፍና ኋላ መመለስ ነው። ብዙ ፋይል የሚያቆም ከሆነ በሊኑክስ ዲዲ ሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም መላውን ዲስክ መቅዳት ይሻላል፦ ቀላሉን ክፍል አስቀድሞ ወስዶ ወደ ክፉው በመጨረሻ ይመለሳል፣ የተቀዳውን የሚመዘግብበት የካርታ ፋይል ከተሰጠው ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ተቀባዩ ዲስክ መጠኑ ከዋናው ማነስ የለበትም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ምንም ፕሮግራም አይነካው፤ ኮምፒውተሩ ወዲያው ይዘጋ፣ የቀረው የባለሙያ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ባወጣው ጥናት፣ ከተበላሹት ውስጥ 56 ከመቶው በዋነኞቹ አራት የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም አላሳዩም ነበር። በሌላ በኩል የመጀመሪያው የፍተሻ ስሕተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀን ውስጥ የመበላሸቱ ዕድል ካልታየበት 39 እጥፍ ነበር። ስለዚህ ቢጫውን ማመን፣ ሰማያዊውን መጠራጠር ነው። በማይሽከረከረውና በቺፕ በሚሠራው ዲስክ፣ በኤስኤስዲ፣ ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ የሚያሳየው የመቶኛ ጤና የጽሕፈት ዕድሜን ይመለከታል፤ መቆጣጠሪያው ቺፕ በአንድ ጊዜ ሲሞት 98 ከመቶ የሚለው ምንም አይረዳም።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ከመጠባበቂያ ቅጂ ጎን እንጂ በቅጂ ፈንታ አይቀመጥም። ለቤት ኮምፒውተር የዊንዶውሱ ፋይል ሂስትሪ ከውጭ ዲስክ ጋር ይበቃል፤ ቅንብሩ ካልተቀየረ በየሰዓቱ ይቀዳል። ግን ዲስኩ ሁልጊዜ እንደተሰካ ከቆየ የኃይል መናጋትም ቫይረስም ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሌላ ሁለተኛ ዲስክ ተነቅሎ ይቀመጥ። ሁለት ዲስኮችን አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ በሬይድ 1 ማጣመር ይህን አይተካም፣ አንዱ ላይ የተሰረዘው ሌላውም ላይ ይሰረዛልና። ተነቅሎ የሚቀመጠውም ዲስክ ያረጃል፦ ለቅጂ በተሰካ ቁጥር የእርሱም 05 እና ሲ5 ይታይ፣ ከውስጡም አንድ ሁለት ፋይል ተመልሶ ተከፍቶ ይሞከር።