በኡትቂያግቪክ እናቴን እንደ እናቱ ለተንከባከበልኝ አስጎብኚ

ይህን ምስጋና የምጽፈው በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው በኡትቂያግቪክ ከተማ እናቴንና እኔን ሦስት ቀን ላዘዋወረን፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከኢኑፒያት ለሆነ አስጎብኚ ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቀኝ አልጠቅሰውም። እንዴት እንደምታገኙት ግን እነግራችኋለሁ።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰኔ ሲያትል ልትጠይቀኝ መጥታ “ፀሐይ የማይጠልቅበት አገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ሳልሞት አሳዪኝ” አለችኝ። በኡትቂያግቪክ ፀሐይ ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ሐምሌ ማገባደጃ ከአድማስ በታች አትወርድም። በክረምታቸው ደግሞ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ጥር አጋማሽ ጭራሽ ብቅ አትልም። ወደ ከተማዋ የሚያስገባ የመኪና መንገድ ስለሌለ ከአንኮሬጅ በአውሮፕላን ሄድን።

አጀማመራችን ክፉ ነበር። አስቀድመን የከፈልነው አንድ ድርጅት ጉብኝታችንን መሰረዙን የነገረን ሆቴል ከገባን በኋላ ነው። የእናቴ ሻንጣ መንገድ ላይ ቀርቷል። በነጠላና በስስ ሹራብ እንግዳ መቀበያው ክፍል ተቀምጣ፣ ከበረዶው ባሕር የሚመጣው ነፋስ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሲያንቀጠቅጣት ሳይ ማምጣቴን ጠላሁት። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ አዝና ለዚህ ሰው ደወለችለት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሚስቱን ካፖርት፣ ኮፍያው ዙሪያውን ፀጉር ያለውን፣ በክንዱ ይዞ ገባ። ስለ ዋጋ አላነሣም። እናቴ ፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ ካፖርቱን አለበሳትና ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋላት። እናቴ መረቀችው። ቋንቋውን ባያውቅም ምርቃቱ እስኪያልቅ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ከተማዋን ያሳየን እያዘገመ ነው። መንገዱ ሁሉ ጠጠር በመሆኑ ለእናቴ ጉልበት ሲል ጉድጓዱን እየዞረ ይነዳ ነበር። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙት ለምን እንደሆነ ያስረዳን ከአንዱ ቤት ሥር አስጎንብሶ ነው። መሬቱ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ፣ ቤቱ በቀጥታ ቢያርፍበት ሙቀቱ ያቀልጠውና ይሰምጣል። ሥጋ የሚያከማቹትም በዚሁ በረዶ መሬት ውስጥ በሚቆፍሩት ጓዳ ነው። ዛሬ አንዳንዱ ጓዳ ውኃ እያቋጠረ መሆኑን፣ ባሕሩም የዳርቻውን አፈር እየበላ መምጣቱን ሲነግረን ድምፁ ዝቅ አለ። ስለ ከተማዋ ስም ሲያወራ ግን ፊቱ በራ። ባሮው ትባል የነበረችው ከተማ የቀድሞ የኢኑፒያት ስሟን ያስመለሰችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው ነው። የሕዝቧ ቁጥር አምስት ሺህ ገደማ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ በናሉካታቅ ዕለት የሆነው ነው። ናሉካታቅ በጸደይ ዓሣ ነባሪ የቀናቸው የጀልባ ካፒቴኖች በሰኔ ሕዝቡን ሁሉ የሚያበሉበት በዓል ነው። አስጎብኚያችን ዝም ብሎ ይዞን አልገባም። በዋዜማው ወደ አንዱ ካፒቴን ቤት ሄዶ አስፈቀደልን። ፎቶግራፍ ማንሣት የምችለው የት እንደሆነና የት እንደማልችልም ነገረኝ። ሰዎቹን እንደ ትርኢት የማያሳይ አስጎብኚ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ እኔ ብዙ አገር ዞሬ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ችግሩ የሐዋርያት ጾም መሆኑ ነበር። እናቴ ዓሣ ትበላለች፤ በአማርኛ ደግሞ ስሙ ራሱ “ዓሣ ነባሪ” ስለሆነ “ዓሣ ከሆነ ልቅመስላቸው፤ እንግዳ ሆኖ እምቢ ማለት ነውር ነው” አለችኝ። ተርጉሜ ነገርኩት። ጥቂት አሰበና “ልጇን ጡት ታጠባለች፣ ለመተንፈስም ከውኃው ትወጣለች” ሲል መለሰላት። እናቴም “የምታጠባ ከሆነችማ ሥጋ ናት” ብላ ተወችው። ቅር ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ ካፒቴኑ ሚስት ሄደና ነገራት። ሴትዮዋ ፍራፍሬና ትኩስ ሻይ ራሷ ይዛ መጥታ ሁለት እጇን ዘርግታ ለእናቴ ሰጠቻት። በዓሉ በጸሎት ሲከፈት እናቴ ከሁሉም ቀድማ ቆማ ስለነበር፣ በዙሪያችን የተቀመጡት አረጋውያን ከዚያ በኋላ እንደ ዘመድ ነበር የሚያዩዋት።

ማክታክ የሚሉት ከነስቡ የተቆረጠ የዓሣ ነባሪ ቆዳ ሲታደል ቅርጫ ትዝ አለኝ። ልዩነቱ እዚህ ገንዘብ የሚያዋጣ የለም። ካፒቴኑ አይሸጥም፤ ያካፍላል። ቤተሰቦች ለክረምት የሚሆናቸውን በከረጢት ይዘው ሄዱ። ቀጥሎ ለጨዋታ የተዘረጋው ቆዳ በብዙ ሰው እጅ ተወጥሮ ወጣቶቹን ወደ ሰማይ ሲያጉን፣ የምን ቆዳ እንደሆነ ጠየቅኩ። የትልቁ አቆስጣ፣ የባሕር እንስሳው ነው፤ የአደን ጀልባቸው ኡሚያቅም የሚሸፈነው በዚሁ ነው። እናቴ አቆስጣን የምታውቀው ከኦሪት ዘጸአት፣ ሙሴ ድንኳኑን ካለበሰበት ቁርበት ነው። እጇን ዘርግታ ጠርዙን ዳሰሰችው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

ማታ፣ ማለት ፀሐይዋ እንዳለች፣ በባሕሩ ዳር ቆመን እ.ኤ.አ. ስለ 1977 ነገረን። በዚያ ዓመት ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የዓሣ ነባሪዎቹ ቁጥር መንምኗል ብሎ የኢኑፒያትን አደን ከለከለ። አዳኞቹ “ከበረዶው ሥር የሚያልፉትን አልቆጠራችሁም” ብለው ተከራከሩ፤ የራሳቸውን ኮሚሽንም አቋቋሙ። ሳይንቲስቶቹ ማዳመጫ ወደ ውኃው አውርደው የዓሣ ነባሪዎቹን ድምፅ ሲሰሙ አዳኞቹ ያሉት እውነት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2001 የተደረገው ቆጠራ ከ10,000 በላይ አሳየ። ይህን ሲነግረን አባቱን ያወድስ ይመስል ነበር እንጂ በማንም ላይ ቂም አልነበረውም።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ የኢኑፒያት ቅርስ ማዕከል ገብታችሁ “ሐበሻዋን እናት ያዞረውን ሰው” ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ያገናኟችኋል። ናሉካታቅን ማየት ከፈለጋችሁ ቀኑ የሚወሰነው እዚያው በካፒቴኖቹ ስለሆነ በሰኔ ቢያንስ አራት አምስት ቀን ያዙ። ጉም በረራ ያስቀራል፤ በዚያው ቀን ሌላ ጉዞ አትቁረጡ። ወፍራም ልብስ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጃችሁ ያዙ። መጠጥን በሚመለከት ጥብቅ ደንብ ስላለ ሳትጠይቁ ይዛችሁ አትሂዱ። ሁሉ ነገር በአውሮፕላን ወይም በበጋ በጀልባ ስለሚገባ የምግብ ዋጋ ያስደነግጣል። እሱ የሚጠይቀው ክፍያ ግን ተገቢ ነው፤ እኔ ጨምሬ ስሰጠው እንኳን የተረፈውን መልሶልኛል።

ወንድሜ፣ በቋንቋህ ኩያናቅ፣ አመሰግናለሁ። ስንለያይ እናቴ ቡና አፍልቼ ሳላጠጣህ መሄዴ ነው የሚቆጨኝ ብላው ነበር። አሁን ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት ቆልታ ወቅጣ በጣሳ አሽጋለታለች። በቅርቡ ወደዚያ የሚሄድ ካለ ይጻፍልኝ፤ ጣሳው እኔ ጋ ነው።