አዳኝ ማይት የምትገዙ አምራቾች፣ «ሁሉንም ተባይ ይበላል» ከሚባለው ጠርሙስ ተጠንቀቁ

ግሪን ሃውስ ውስጥ ርጭት ቀንሳችሁ በአዳኝ ማይት (ተባይ እየበላ የሚኖር፣ ከሸረሪት ወገን የሆነ ደቃቅ ፍጥረት) ተባይ ለመቆጣጠር ያሰባችሁ ወገኖች፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ዘዴው ራሱ የተፈተነና ውጤታማ ነው፤ በእሱ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ያናደደኝ በዘዴው ስም የሚሸጠው ነገር ነው።

ሻጩ ለእኛ የነገረን እንዲህ ነው፦ አንዱ ጠርሙስ ለቀይ ሸረሪትም (ሸረሪት ማይት ለሚባለው ድር የሚያደራ ተባይ)፣ ለትሪፕስም (ቅጠልና አበባ ለሚጎዳው ቀጭን ነፍሳት)፣ ለነጭ ዝንብም ይበቃል፤ ፍሪጅ ውስጥ ወር ይቆያል፤ ኬሚካል ረጭታችሁ ከሆነም በማግስቱ መበተን ትችላላችሁ። ሦስቱም ሐሰት ነው።

ቀይ ሸረሪትን ከነድሩ ገብቶ የሚጨርሰው ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ የሚባለው አዳኝ ማይት ነው። እሱ ደግሞ ከሸረሪት ማይት ሌላ ምግብ የለውም፤ ያ ሲጠፋ ይራባል፣ ይሞታል። ለትሪፕስ የሚለቀቀው ኩኩሜሪስ የሚባለው አዳኝ ገና የተፈለፈለውን እጭ እንጂ ትልቁን አይችለውም። ስዊርስኪ የሚባለው ሌላው አዳኝ የነጭ ዝንብን እንቁላልና እጭ፣ የትሪፕስንም እጭ ይበላል፤ የሸረሪት ማይት ድር ባደራበት ቅጠል ላይ ግን አትመኑበት። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የአዳኙ ሳይንሳዊ ስም ካልተጻፈ የምትገዙት ምን እንደሆነ አታውቁም ማለት ነው።

ለቀይ ሸረሪት ብለን የገዛነው ሲከፈት ፉርሽካ ነበር። ይርመሰመሳል፣ ሕይወት አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይረካል። ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሰን በማጉያ ሌንስ ስናየው ግን ነጣ ያሉ፣ ረጃጅም ፀጉር ያላቸው፣ እየተንፏቀቁ የሚሄዱ ነገሮች ናቸው። እነዚህ አዳኝ አይደሉም፤ አዳኞች እንዲመገቧቸው ፉርሽካ ላይ የሚባዙ መኖ ማይቶች ናቸው። ኩኩሜሪስና ስዊርስኪ ከእነሱ ጋር ታሽገው መምጣታቸው የተለመደ ነው፤ ፐርሲሚሊስ ግን እነሱን ስለማይበላ በዚያ መልክ አይባዛም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በቨርሚኩላይት (ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ) ወይም በሳጋቱራ ነው። እውነተኛው ፐርሲሚሊስ ብርቱካናማ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እግረ ረጅም ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ በባዶ ዓይን ይለያል።

ስለ ፍሪጁም ልንገራችሁ። ፐርሲሚሊስ ያለ ምግብ ታሽጎ የሚጓዝ ፍጥረት ነው፤ ሲቆይ እርስ በርሱ ይበላላል። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ጠርሙሱ በአግድም ተጋድሞ ቢቀመጥ እንኳ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ መበተን አለበት። የታሸገበት ቀን ያልተጻፈበትን አትንኩ።

ሐቀኛ ሻጭ ከመሸጡ በፊት ይጠይቃል። በቅርቡ ምን ረጫችሁ? ፓይሬትሮይድ የሚባለው የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ቅጠል ላይ ለሳምንታት ቆይቶ አዳኙን ይገድላል። የግሪን ሃውሳችሁ የአየር እርጥበት ስንት ነው? ከ60 በመቶ ሲወርድ የፐርሲሚሊስ እንቁላል ይጨማደዳል፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲዘልቅም ሥራው ይዳከማል፣ ለዚያ ሁኔታ ካሊፎርኒከስ የሚባለው አዳኝ ማይት የተሻለ ይቋቋማል። ከዚህ አንዱንም ሳይጠይቅ «ስንት ጠርሙስ ልላክ?» የሚል ሰው ጠርሙስ እንጂ መፍትሔ አይሸጥም።

ቅሬታ ስናቀርብ መልሱ «አበታተናችሁ ትክክል ስላልሆነ ነው» ሆነ፤ ገንዘባችንም አልተመለሰም። እናንተ እንዲህ እንዳትባሉ፣ ዕቃው እጃችሁ እንደገባ ከመበተናችሁ በፊት መርምሩት። ቀዝቅዞ ስለሚመጣ ጥቂት ደቂቃ ጥላ ውስጥ አቆዩት። አንድ ጥግ ላይ ስለሚከማቹ ጠርሙሱን አጋድማችሁ በዝግታ አንከባልሉት። ከዚያ አንድ ማንኪያ ያህል ነጭ ወረቀት ላይ አፍስሱና የሚንቀሳቀሱትን አዳኞች ቁጠሩ፤ ጠርሙሱ ስንት ማንኪያ እንደሚይዝ ገምታችሁ ስታባዙት ከተጻፈው ቁጥር ጋር መቀራረብ አለበት። ይህን ሁሉ የጠርሙሱ ጽሑፍና ቀኑ እየታየ በስልክ ቅረጹት።

የተበተነውንም ተከታተሉ። ከሳምንት በኋላ ድር ያለበትን ቅጠል ገልብጡ፤ የሸረሪት ማይት እንቁላል ድቡልቡል ነው፣ የፐርሲሚሊስ ሞላላና እጥፍ ያህል ትልቅ ነው። በየቅጠሉ ድቡልቡሉን ብቻ ካገኛችሁ ሌላ ሳምንት አትጠብቁ፤ ቪዲዮውንና ደረሰኙን ይዛችሁ ገንዘባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።