ሁለት ራዲዮን 5450፣ አንድ አሮጌ ዴል፣ አራት ሞኒተር፦ ከጅማ መርካቶ የገዛሁት

ቀጥታ ልንገራችሁ፣ ራዲዮን 5450 የሚባለው የኤኤምዲ ግራፊክስ ካርድ (ሞኒተር የሚሰካበት ሰሌዳ) ደካማ ነው። ጌም አስባችሁ ከሆነ እዚሁ ተዉት። እኔ የፈለግኩት ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) ያለበት አሮጌ ኮምፒውተሬ አራት ሞኒተር እንዲያበራልኝ ብቻ ነበር፣ እሱን ደሞ አሳምሮ ያበራል።

ሥራዬ ጽሕፈትና ህትመት ነው፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ። መመረቂያ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ይመጣል፣ በአማርኛ ይመጣል፣ በአፋን ኦሮሞ ይመጣል። አንዱ ሞኒተር ላይ ተማሪው በስልኩ አንስቶ የላከውን የእጅ ጽሑፍ እከፍታለሁ፣ ሁለተኛው ላይ ሊብሬ ኦፊስ (እንደ ዎርድ ያለ ነጻ ፕሮግራም)፣ ሦስተኛው ላይ ቴሌግራምና የፕሪንተሩ ወረፋ። አራተኛው ፊቱን ወደ ደንበኛው አዙሯል። ወጪውን የመለሰልኝ ይሄ አራተኛው ነው። ዎርድ ላይ በኒያላ ፎንት ተጽፎ የመጣ ፋይል ሊኑክስ ላይ ፎንቱ ስለሌለ በሌላ ይተካና ገጹ ይንሸራተታል፣ ማውጫው ሌላ ቁጥር ይይዛል፣ ሠንጠረዡ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፣ ይሄን ሁሉ ባለቤቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየው ከታተመ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ ይቀራል።

ማሽኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፣ ትልቁ ታወር፣ የ2011 ዕቃ። ማዘርቦርዱ ላይ ካርድ የሚሰካበት ሁለት ረጃጅም ስሎት አለ። ሁለተኛው መልኩ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ቢሆንም ውስጡ የተዘረጋለት የዳታ መስመር አራት ብቻ ነው። ለጽሑፍና ለብራውዘር ከበቂ በላይ ነው፣ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ የእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ትንሽ ነው። 5450 ግን 19 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፣ ተጨማሪ የኃይል ገመድም አይፈልግም። ሁለቱ ተደምረው 40 ዋት አይሞሉም። የእኔዎቹ ማራገቢያም የላቸውም፣ ስለዚህ ድምፅ የለም፣ አቧራ የሚሰበስብ ነገርም አነሰ።

ሱቁ ውስጥ መጀመሪያ የቀረበልኝ ሁለት የተለያየ ትውልድ ያላቸው የኤንቪዲያ (የኤኤምዲ ተፎካካሪ) ካርዶች ነበሩ፣ "እነዚህ ይበልጣሉ" ተብሎ። በጉልበት ይበልጡ ይሆናል። ችግሩ ድራይቨሩ (ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ላይ ነው። የኤንቪዲያ የራሱ ድራይቨር ባንድ ጊዜ አንድ ስሪት ብቻ ነው የሚጫነው። ካርዶቻችሁ ሁለት የተለያየ ስሪት ከፈለጉ አንደኛው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱንም የሚይዝ አሮጌ ስሪት ብታገኙ እንኳ ኩባንያው ድጋፉን አቁሞት ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ 390 የሚባለው በ2022 መጨረሻ ላይ ቆሟል፣ ከዚያ በኋላ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) በታደሰ ቁጥር ራስ ምታት ነው። ኑቮ የሚባለው ነጻ ድራይቨር አለ፣ ግን ብዙዎቹን ካርዶች በሙሉ ፍጥነታቸው አያስነዳም። የራዲዮኑ ድራይቨር ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ምንም አታወርዱም። ለአሮጌ ሊኑክስ ማሽን ሁለት አንድ ዓይነት ደካማ ራዲዮን ከሁለት የተለያዩ ጎበዝ ኤንቪዲያዎች ይሻላል፣ በዚህ ማንም አይከራከረኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርዱ ጀርባው ላይ ሦስት መሰኪያ አለው፣ ቪጂኤ፣ ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ። ሦስቱንም ሰክታችሁ ሦስት ሞኒተር አትጠብቁ። ውስጡ ያለው የሰዓት ምንጭ (ምስሉ ወደ ሞኒተሩ የሚላክበትን ፍጥነት የሚመታው ክፍል) ሁለት ስለሆነ ባንዴ የሚያበራው ሁለት ነው። አራት የፈለገ ሁለት ካርድ ይገዛል። ካርድ ስትሰኩ ደሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የኢንቴል ግራፊክስ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ እሱንም ልጠቀም ካላችሁ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈት ማስተካከያ) ገብታችሁ የሚፈቅድ ምርጫ ካለ መፈለግ ነው።

ሊኑክስ ሚንት ከኤክስኤፍሲኢ (ቀለል ያለ ዴስክቶፕ) ጋር ነው የምጠቀመው። ሁለቱ ካርዶች ያለምንም ፋይል ማረም ታዩ። የማይታይባችሁ ከሆነ ተርሚናል ላይ ኤክስራንድአር በሚባለው ትእዛዝ ፕሮቫይደሮቹን (ሲስተሙ ያወቃቸውን ካርዶች) አዘርዝሩና ሁለተኛውን ካርድ ከመጀመሪያው ጋር አያይዙት። ከዚያ አራንድአር የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ከፍታችሁ ሞኒተሮቹን በማውስ እየጎተታችሁ በቦታቸው ማስቀመጥ ነው። ዴቢያን (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) የምትጠቀሙ የኤኤምዲ ፈርምዌር (ካርዱ ሲነሳ የሚጫንለት ትንሽ ፋይል) መጫኑን እዩ፣ ያለሱ ካርዱ በትክክል አይነሳም። ዚነራማ (ብዙ ሞኒተር የማያያዣ የድሮ ዘዴ) ተጠቀሙ የሚሉ የድሮ መመሪያዎችን እለፏቸው፣ ጊዜው ያለፈበት ነው።

ጉድለቱ፦ ሥዕሉን የሚሠራው የመጀመሪያው ካርድ ነው፣ ለሁለተኛው እየገለበጠ ያቀብለዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ካርድ ላይ ባሉት ሞኒተሮች ቪዲዮ ስትከፍቱ ምስሉ አንዳንዴ መሃሉ ላይ ይቀደዳል። ቪዲዮ የምታዩበትን ሞኒተር የመጀመሪያው ካርድ ላይ ሰኩት። ጽሑፍ ላይ ችግሩ አይታይም። ጅማ ዝናብ ሲጀምር መብራት እንደሚጫወት ታውቃላችሁ፣ አራት ሞኒተር ዩፒኤሱ ላይ ከተሰካ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። እኔ ሁለቱን ብቻ እዚያ ላይ አድርጌ የቀሩትን በስታብላይዘር አልፌያቸዋለሁ።

ስለ ሱቁ ደግሞ። ስሙን አልጠራም። ካርዶቹ ያገለገሉ ናቸው፣ ዋጋቸው ሁለቱ ተደምረው ካንድ አዲስ ሞኒተር በታች ነው፣ ከተከራከራችሁ ይቀንሳል። የወደድኩት ነገር ልጁ ሚንት የጫንኩበትን ፍላሽ ሱቁ ውስጥ ሰክቼ ሁለቱንም ካርድ እንድፈትሽ መፍቀዱ ነው። ይሄን ከማይፈቅድ ሱቅ ያገለገለ ካርድ አትግዙ።

ኬብል ላይ ግን አልተስማማንም። የኔ ሞኒተሮች ቪጂኤ ብቻ ናቸው፣ እሱ የሸጠልኝ ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ርካሽ ራስ (አዳፕተር) ነው። እንደዚህ ዓይነቱ የሚሠራው የካርዱ ዲቪአይ ላይ ከጠፍጣፋዋ ቀዳዳ ዙሪያ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ነው። ካንደኛው ካርድ ጋር ልክ ገባ፣ ሌላኛው ካርድ እነዚያ አራቱ የሉትም። ይዤ ተመለስኩ፣ ያለ ብዙ ንትርክ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ በሚቀይረው ለወጠልኝ፣ ልዩነቱን ግን ሙሉ አስከፈለኝ።