«ክሬዲትሽ በሙሉ ይያዛል» ሲሏችሁ ለመፈረም አትቸኩሉ

ኮሌጃችሁ አስጠልቷችሁ ሌላ ጋ ለመዘዋወር እያሰባችሁ ነው? እንግዲያው ይህን ሳታነቡ ምንም ወረቀት አትፈርሙ። በተለይ ደግሞ አዲሱ ኮሌጅ «እስካሁን የተማራችሁት በሙሉ ይያዝላችኋል፣ አንድም ሴሚስተር አይባክንም» እያለ የሚያባብላችሁ ከሆነ። በዚህች አባባል ብዙ ሰው ተሸውዷል። ሙሉ በሙሉ ውሸት ብትሆን ቶሎ ይነቃባት ነበር። ግማሽ እውነት መሆኗ ነው ጉዱ።

ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ዓመቷን ስትጨርስ ኮሌጇ አንገሽግሿት ነበር። መምህራኑ ሲፈልጉ ይገባሉ፣ ሳይፈልጉ ይቀራሉ። ላቦራቶሪው ሁልጊዜ ዝግ ነው። ሬጅስትራር ቢሮ አንድ ማህተም ለማስመታት ቀኑ ይመሻል። ልቀቅ ማለቷ ትክክል ነበር፤ አሁንም የማስበው እንደዚያ ነው። ችግሩ የሄደችበት አካሄድ ነው። አዲሱ ኮሌጅ ስሙ ይቆየን። ቅበላ ክፍል ያገኘችው ሰውዬ ትራንስክሪፕቷን ገለጥ ገለጥ አደረገና «አንቺ ብቻ ነይ፤ የክሬዲቱን ነገር ለእኛ ተዪው» አላት። ያቀረቡላት የክፍያ ቅናሽ ደግሞ የሚያበቃው በዚያው ሳምንት ነው። ከፈለች። የክሬዲት ግምገማው ውጤት የደረሳት ክፍል መግባት ከጀመረች በኋላ ነው።

የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ደስ ይላል። «ከቀረበው 62 ክሬዲት 60ው ተቀባይነት አግኝቷል» ይላል። ማን ይጠላል? ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ሠንጠረዥ አለ። በግራ በኩል የድሮው ኮርስ፣ መሃል ላይ የክሬዲቱ ብዛት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ አዲሱ ኮሌጅ ኮርሱን በምን እንደያዘው ተጽፏል። በቀኙ ዓምድ 27 ክሬዲት ያህሉ አጠገብ «ነጻ ምርጫ» (ተማሪው እንደወደደ የሚመርጠው ኮርስ) የሚል አለ። ዲግሪው የሚፈልገው ነጻ ምርጫ 9 ክሬዲት ብቻ ነው። የቀረው 18 ክሬዲት መዝገቧ ላይ ተቀምጧል፤ ለመመረቅ ግን አንዳች አይጠቅማትም። በኤ ያለፈችው ስታቲስቲክስ ሳይቀር እዚያው ውስጥ ተወርውሯል። ምክንያቱ? የእነሱ ስታቲስቲክስ 4 ክሬዲት ነው፣ የእሷ 3። ስለዚህ ያንኑ ኮርስ እንደገና ከፍላ ልትማር ነው።

ሰውዬው ዋሽቷል ማለት ይከብዳል። ክሬዲቷ ተይዟል። አልተቆጠረም እንጂ። ክሬዲት መዝገብ ላይ መስፈሩና ለዲግሪው መቆጠሩ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም የሚወስኑት ሰዎች ይለያያሉ። የቅበላ ክፍሉ ሥራ ተማሪ ማስገባት ነው። ትራንስክሪፕቱን የሚገመግመው ሬጅስትራር ነው። ኮርሱ የሜጀር ኮርስን ይተካል አይተካም የሚለው ብዙ ቦታ የዲፓርትመንቱ ሥልጣን ነው። ሦስቱ ቢሮዎች አንድ ሕንጻ ላይ ሆነውም ላይነጋገሩ ይችላሉ። ቃል የሚገባላችሁ የመጀመሪያው ነው፤ የሚፈርድባችሁ ሦስተኛው።

ይህ የአንድ ኮሌጅ ወይም የአንድ ሰው ገጠመኝ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት ክንድ የሆነው የመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከአንድ የመንግሥት ኮሌጅ ወደ ሌላ የመንግሥት ኮሌጅ የሄዱት እንኳ 37 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። ለትርፍ ከሚሠሩ ኮሌጆች ወደ መንግሥት ኮሌጅ የሄዱት ግን 94 በመቶ። 94! ከዜሮ ጀመሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። እዚያ አገር በክሬዲት መዘዋወር የቆየ ልማድ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ነው እንግዲህ።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ሻል ይላል። የጋራ የክሬዲት መለኪያ አላቸው፤ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት 60 ክሬዲት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሊዝበን ላይ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ተቋሙ ጉልህ ልዩነት አለ ካላለ በቀር ለተማራችሁት እውቅና እንዲሰጥ ይጠይቃል። ልዩነቱን የማስረዳቱ ሸክምም የተቋሙ ነው። የትም ብትሆኑ ይህቺን ሐሳብ ያዟት። «ለምን አልተቆጠረልኝም?» ብሎ በጽሑፍ መልስ መጠየቅ ነውር የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከመክፈላችሁ በፊት ግምገማውን ኮርስ በኮርስ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። «ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ይህ ጥያቄ ለሻጩ ነው የሚመቸው። «የትኛው ኮርሴ የትኛውን ኮርሳችሁን ይተካል? ለመመረቅ የሚቀሩኝ ኮርሶች የትኞቹ ናቸው?» በሉ። «ከተመዘገብሽ በኋላ ነው የሚሠራው» የሚል መልስ ከመጣ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው። አንዳንድ ኮሌጅ በእርግጥ አሠራሩ እንደዚያ ነው፤ በክፋት ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ቢያንስ መደበኛ ያልሆነ ቅድመ ግምገማ በኢሜይል ሊልክላችሁ ይችላል። እሱንም እንቢ ካለ እናንተም ገንዘባችሁን ያዙ። በስልክ የተነገረ ነገር አልተነገረም ብላችሁ ቁጠሩት። ሰውዬው በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ላይኖር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ከቀሩኝ ኮርሶች ውስጥ በመጪው ሴሚስተር የሚሰጡት የትኞቹ ናቸው?» አንዳንድ የሜጀር ኮርስ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፈተው። ያንን ካልወሰዳችሁ ቀጣዩን አትወስዱም፤ ቀጣዩን ካልወሰዳችሁ ከዚያ በላይ ያለው ዝግ ነው። በዓመቱ አጋማሽ የገባ ሰው ክሬዲቱ በሙሉ ቢቆጠርለት እንኳ አንዲት ኮርስ እየጠበቀ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። የምረቃ ቀናችሁን የሚወስነው የክሬዲቱ ድምር ብቻ አይደለም፤ የኮርሶቹ ሰልፍም ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ኮሌጅ የራሱን ዲግሪ ለመስጠት የተወሰነ ክሬዲት እዚያው እንድትማሩ ይፈልጋል። 120 ክሬዲት በሚጠይቅ ዲግሪ 30ው እዚያው ይሁን የሚል ደንብ የተለመደ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የመጨረሻው 30 መሆን አለበት ይላል። ሦስተኛ ዓመት ጨርሳችሁ የምትዘዋወሩ ከሆነ ይቺ ደንብ ናት የምትይዛችሁ። ዝቅተኛ ውጤትም አለ፤ ከሲ በታች ያመጣችሁበትን ኮርስ የሚቀበል ብዙም አታገኙም።

አሁን ደግሞ ወደ ስኮላርሺፑ። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ ለአዲስ ገቢ ፍሬሽማን ነው፤ ለተዘዋዋሪ ያለው ያነሰ ነው ወይም የለም። ካለም «ጂፒኤህ ከዚህ ከወረደ ይቋረጣል» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ክሬዲት ይዘዋወራል እንጂ ጂፒኤ በብዛት አይዘዋወርም፤ አዲሱ ኮሌጅ ከባዶ ይጀምርላችኋል። የድሮው ውጤታችሁ መጥፎ ከነበረ እልልታ ነው። ጥሩ ከነበረ ግን ትራስ የሚሆናችሁ ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ብቻውን ጂፒኤያችሁ ይሆናል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ደግሞ ከባድ ነው። ጆን ሂልስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ቀደምት ጥናቶችን መርምሮ፣ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጨርሰው የተዘዋወሩ ተማሪዎች ውጤት መጀመሪያ ላይ እንደሚወርድና አብዛኛው በኋላ እንደሚያገግም አሳይቷል። ማገገሙ መልካም። ግን ስኮላርሺፑ እስክታገግሙ ይጠብቃል ወይ? ይህንንም በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዱ የአንድ ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ወዲያው ይቆርጣል። ቅናሹን አስልታችሁ ገብታችሁ ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ሙሉ ክፍያ ቢመጣባችሁ፣ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

የኮሌጁን እውቅናም አጣሩ። ከራሱ ድረ ገጽ ሳይሆን እውቅናውን ከሚሰጠው አካል። ኮሌጁ ብቻ ሳይሆን የምትገቡበት ፕሮግራም ራሱ እውቅና አለው ወይ? ነርሲንግ፣ ሕግ፣ ምህንድስና ላይ ፈቃድ ለማውጣት ወሳኙ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ስሙ ገናና ነው፣ ካምፓሱ ብዙ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። አሜሪካ ውስጥ ኮሪንቲያን የሚባለው የኮሌጆች ሰንሰለት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 በአንድ ጊዜ ሲዘጋ 16,000 ያህል ተማሪ ሜዳ ላይ ቀርቷል። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ አይቲቲ ቴክኒካል ኢንስቲትዩት ከ130 በላይ ካምፓሶቹን ይዞ ተዘጋ። ሁለቱም በማስታወቂያ የታወቁ ነበሩ።

እስካሁን አትዘዋወሩ አላልኩም። ግን ከኮሌጁ ምኑ እንደሚያስመርራችሁ ለይታችሁ እወቁት። መምህር የሌለው ክፍል፣ የተዘጋ ላብ፣ የሌለ ዲፓርትመንት፣ የማይቻል ክፍያ፣ አቤት ቢሉ ሰሚ የሌለው በደል፤ እነዚህ የኮሌጁ ችግሮች ናቸው፤ ስትወጡ ትታችኋቸው ትወጣላችሁ። የመረጣችሁት ሙያ ካስጠላችሁ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ዲፓርትመንት መቀየር በጣም ይረክሳል። ብቸኝነት ከሆነ ደግሞ፣ በሐቀኝነት ልንገራችሁ፣ አዲሱ ግቢ ላይ መጀመሪያ ይብሳል። ሌሎቹ በፍሬሽማንነታቸው ተዋውቀው ጨርሰዋል፤ እናንተ ሦስተኛ ዓመት ላይ እንግዳ ናችሁ። ድብርቱ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ ሐኪም ወይም አማካሪ፤ ፎርሙ ይደርሳል።

ልባችሁ ሁለት ከሆነ ጨርሳችሁ አትልቀቁ። ብዙ ኮሌጅ ፈቃድ ወስዶ መቋረጥን ይፈቅዳል፤ ቦታችሁ ሳይነካ አንድ ሴሚስተር ወይም ዓመት ትወጣላችሁ። ዝም ብሎ መቅረት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ክፍል አልገባም ብላችሁ ስትጠፉ በየኮርሱ ኤፍ ይገባላችኋል፤ ያ ኤፍ ነው እግር በእግር ተከትሏችሁ አዲሱ ኮሌጅ የሚሄደው።

ስትለቁም ባዶ እጃችሁን አትውጡ። የየኮርሱን አውትላይን ሰብስቡ፤ ርዕሱን ብቻ ሳይሆን ምዕራፎቹን፣ መማሪያ መጽሐፉን፣ የሰዓቱን ብዛት የሚያሳየውን። ከወጣችሁ በኋላ መምህሩን ማግኘት ፈተና ነው። ያልተከፈለ ዕዳ፣ ያልተመለሰ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ካለ ጨርሱ፤ በትንሽ ዕዳ ትራንስክሪፕት የሚይዝ ኮሌጅ ሞልቷል። አዲሱ ኮሌጅ ያስከፈላችሁ የመመዝገቢያ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውንም ከደረሰኙ ጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብባችሁ ነው የምትከፍሉት።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ፣ ወረቀቱም እንደ እህቴ ከደረሳችሁስ? ይግባኝ አለ። ሬጅስትራር ጋ ሄዶ መጨቃጨቅ ብዙም አያዋጣም። ዲፓርትመንቱ ጋ ሂዱ። እህቴ የስታቲስቲክሱን ሁለት አውትላይኖች ጎን ለጎን አድርጋ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ እያመሳከረች በአንድ ገጽ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አስገባች። ተቆጠረላት፤ የጎደለችውን 1 ክሬዲት በሌላ ኮርስ አሟዪ ተባለች። ሁለተኛ ማመልከቻ በሌሎቹ ኮርሶች ላይ ስታስገባ ግን «የይግባኝ ጊዜው አልፏል» አሏት። ቀኑ የተማሪ መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ግምገማው ላይ ግን የለም። ስለዚህ ውጤቱ እጃችሁ እንደገባ መመሪያውን ከፍታችሁ ቀኑን ፈልጉ፤ የምትከራከሩባቸውንም ኮርሶች በሙሉ በአንድ ጊዜ አስገቡ።