ለሱቅ ሰርቨር የቱ የፕሮግራም ቋንቋ ይሻላል? ፐርል፣ ፒኤችፒ፣ ፓይተን ወይስ ሉአ

ቱሉ ዲምቱ ላለ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ የዋጋና የደረሰኝ ሲስተም ሠርቻለሁ። ሰርቨሩ ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፣ ራሙ 2 ጊጋባይት። ኢንተርኔቱ ስለማይታመን እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ሲሚንቶው አጠገብ አስቀመጥነው። አንድ ቀን የማጓጓዣ ሂሳብ የምትጨምረውን የጋራ ፋይል አስተካክዬ ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ ካሸሯ ደወለች፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አንዴ አዲሱን ዋጋ አንዴ አሮጌውን ያወጣል፣ የቱን ልቁረጥ?» ማታ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ሁሉም ተስተካክሎ አገኘነው። እኔም ምክንያቱ ሳይገባኝ ሳምንት ከረምኩ።

ሲስተሙ አፓቺ በሚባለው የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር ውስጥ፣ ፐርልን እዚያ በሚያስኬደው ሞድፐርል ነበር የሚሠራው። ፐርል አንድ ሞጁል (እንደ ማጓጓዣዋ ሂሳብ ያለ የጋራ ኮድ ፋይል) አንዴ ከጫነ ፋይሉ ቢቀየርም ዞር ብሎ አያየውም። አፓቺ ደግሞ ከተጠቃሚ የሚመጣ ጥያቄን የሚያስተናግዱ ብዙ ቅጂዎቹን፣ ማለትም ልጅ ፕሮሰሶችን፣ ያስነሳል፣ እኔ ሞጁሉን በመነሻው ላይ ስላላስጫንኩት እያንዳንዱ ልጅ ጥያቄ ሲመጣለት በየራሱ ሰዓት ጫነው፤ ከለውጡ በፊት የጫነው አሮጌውን፣ በኋላ የተወለደው አዲሱን ይዞ ቁጭ አለ። መብራቱ ያስተካከለው ሁሉንም አጥፍቶ ስላስነሳ ነው።

መፍትሔው ሞጁሎቹን ወላጁ ፕሮሰስ ላይ አስቀድሞ መጫን ነው። ያኔ ልጆቹ ያንኑ ራም ይጋራሉ፣ አንዱ ሊጽፍበት ሲል ብቻ ያቺ ቁራጭ ለእሱ ትባዛለች። 2 ጊጋ ላለው ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ፋይል በቀየርክ ቁጥር ሪስታርት የግድ ነው። የፋይሉን ሰዓት እያየ መልሶ የሚጭን ሞጁልም አለ፤ ለላፕቶፕህ ይሁንልህ፣ ለሱቅ እኔ አላምነውም። ፐርል ካለህ ያዘው። አዲስ የምትጀምር ከሆነ ተወው፣ ነገ የሚያስተካክልልህ ልጅ ፍለጋ ከተማውን ትዞራለህ።

ፒኤችፒ በየጥያቄው ከዜሮ ይጀምራል፣ ገጹ ሲያልቅ የያዘውን ሁሉ ይጥላል። ሲሰሙት ብክነት ይመስላል። ነገር ግን ከ5.5 (እ.ኤ.አ. 2013) ጀምሮ አብሮት የሚመጣው ኦፕካሽ የተዘጋጀውን ኮድ በጋራ ራም ያስቀምጣል፣ ፕሮሰሶቹ ሁሉ ከዚያ ይወስዳሉ። ካልነካካኸው 128 ሜጋባይት ይይዛል፣ የፋይል ለውጥም በየ2 ሰከንዱ ነው የሚያየው። ፋይሉን ቀይረህ ስልክህን እስክታነሳ አዲሱ ዋጋ ወጥቷል። በ7.4 የመጣ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ ፋይሎችን አስቀድሞ የሚጭን ፕሪሎድ የሚባል ነገር አለ፤ እሱን ከከፈትክ እንደገና ወደ ሪስታርት ትመለሳለህ፣ ለሱቅ አትንካው።

ፓይተን የምትወድ ከሆነ እሱን አፓቺ ውስጥ የሚያስኬድ ሞድ ዊዝጊ አለ። አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ለየአፕሊኬሽኑ የተለየ ኢንተርፕሪተር (ኮዱን አንብቦ የሚያስኬደው ክፍል) ይከፍታል፣ ስለዚህ ሁለት አፕሊኬሽን አንድ ሞጁል ቢጠቀሙ ሁለት ጊዜ ይጫናል። በሲ ቋንቋ የተጻፉ ሞጁሎች፣ ለምሳሌ የስሌቱ ነምፓይ፣ እንዲህ ሲከፋፈሉ ያስቸግራሉ። ዴመን ሞድ (ፓይተኑ ከአፓቺ ተለይቶ የሚሠራበት) አድርገው፣ እያንዳንዱን አፕሊኬሽን በራሱ ፕሮሰስ ዋናው ኢንተርፕሪተር ላይ አስኪደው፤ ጣጣው ያልቃል። ግን ራም ጨምር። ሞድ ፓይተን የሚል የድሮ ማስተማሪያ ካገኘህ እለፈው፣ የድሮ መንገድ ነው።

ሉአ በኦፐንሬስቲ (ሉአን በውስጡ የሚያስኬድ የዌብ ሰርቨር) ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ እውነት ለመናገር ልቤ እዚያ ነው። እያንዳንዱ ወርከር (ጥያቄ የሚያስተናግድ ፕሮሰስ) ሞጁሉን አንዴ ጭኖ ይይዛል። ሪሎድ ስትለው አሮጌዎቹ የጀመሩትን ጨርሰው ይወጣሉ፣ አዲሶቹ ይገባሉ፣ ካሸሯ እንኳ አታውቅም። የሚያስፈራው ሞጁሉ ውስጥ ያስቀመጥከው ተለዋዋጭ ለሚቀጥለው ጥያቄም ሳይጠፋ መቆየቱ ነው፤ ካልተጠነቀቅክ የአንዱ ደንበኛ ቅናሽ ለሌላው ይወጣል። ስትሠራ ኮድ ካሹን (የተጫነውን ኮድ የሚይዘውን) አጥፋው፣ ሱቅ ስትገባ ማብራቱን እንዳትረሳ።

እና የቱን ልያዝ ካልከኝ፦ አንድ ሱቅ፣ አንድ አሮጌ ማሽን፣ ኮዱን ነገ ሌላ ሰው የሚነካው ከሆነ ፒኤችፒ። ብዙ ቅርንጫፍ ካለህና ኮዱን የምትነካው አንተ ብቻ ከሆንክ ኦፐንሬስቲ። የቱሉ ዲምቱውን ወደ ፒኤችፒ አዙሬዋለሁ። አሁን ካሸሯ የምትደውለው ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ ብቻ ነው።