የሚታጠበው የአየር ፊልትሮ፦ ዋራንቲው ላላለቀ መኪና ይበጃል?

በዘይት የሚነከረው የጥጥ አየር ፊልትሮ አሜሪካ ውስጥ በየመለዋወጫ መደብሩ አለ። ዋጋው እንደ መኪናው ቢለያይም ከ50 እስከ 80 ዶላር ነው፤ ማጠቢያውና ዘይቱ ለብቻ ይገዛሉ። ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ኡበርና ሊፍት ለሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ "እየታጠበ ስለሚያገለግል ወጪ ይቆጥባል" ተብሎ ብዙ ጊዜ ይመከራል። ዕቃው መጥፎ አይደለም። ዋራንቲው ላላለቀ መኪና ግን አትግዙት።

ሒሳቡን እንየው። የቶዮታ መሠረታዊ ዋራንቲ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ የሞተርና የካምቢዮው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። የወረቀቱ ፊልትሮ በመደበኛ አነዳድ በ30,000 ማይል ይቀየራል። እስከ 60,000 ድረስ ሁለት ጊዜ ብትቀይሩ፣ አንዱን በ25 ዶላር ብናስብ፣ ድምሩ 50 ዶላር ነው። በዋራንቲው ዘመን ምንም ትርፍ የለውም ማለት ነው። ይሰጣል የሚባለው የጉልበት ጭማሪም ባልተነካ ሞተር ላይ ነጂው የሚሰማው አይደለም።

ጣጣው የሚመጣው ከታጠበ በኋላ ነው። ከፊልትሮው ቤት አለፍ ብሎ፣ አየር ማስገቢያው ቱቦ ላይ፣ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለ። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው። ፊልትሮው ዘይት ሲበዛበት ትርፉ በአየሩ ተወስዶ ሽቦው ላይ ያርፋል፤ አቧራም ይለጠፍበታል። ያኔ ሴንሰሩ የገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል፣ ኮምፒዩተሩም ነዳጅ ይቀንሳል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል፣ ቤንዚን ሲረገጥ ይለግማል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል፤ የሚነበበው ኮድ ብዙውን ጊዜ ፒ0171 ወይም ፒ0101 ነው። ዲለሩ ሴንሰሩን አውጥቶ ዘይት ካገኘበት "በዋራንቲ አልቀይርም" ቢል ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

ቀድሞ ለገዛ ሰው፦ ከታጠበ በኋላ ጥላ ውስጥ በራሱ ይድረቅ፤ ኮምፕሬሰርም የፀጉር ማድረቂያም አይነካው። ዘይቱን በየእጥፋቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፉ፣ 20 ደቂቃ ጠብቁ፣ ነጭ ሆኖ የቀረውን ቦታ ብቻ ድገሙት። ሲነካ እጅ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል፣ መኪናው ላይ አይግባ። ሴንሰሩ ከቆሸሸም ለእሱ ተብሎ በሚሸጠው ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል። የፍሬን ማጽጃ ያበላሸዋል፣ በጣት ወይም በብሩሽ መንካትም ሽቦውን ይበጥሳል። በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት።

የዲለሩ መብት ግን እዚያው ላይ ያበቃል። ፊልትሮውን አይቶ "ዋራንቲህ በሙሉ ተሰርዟል" የሚል የዲለሩ ሠራተኛ ተሳስቷል። በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውን በነጻ ካልሰጠ ወይም ከፌደራል ትሬድ ኮሚሽን የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፣ "የእኔን መለዋወጫ ካልተጠቀምክ ዋራንቲ የለህም" እንዳይል ይከለክላል። ኮሚሽኑ በ2015 የቢኤምደብሊው ሚኒ ክፍልን፣ በ2022 ደግሞ የሞተርሳይክል አምራቹን ሃርሊ-ዴቪድሰንን ተጠያቂ ያደረጋቸው በዚሁ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የተበላሸውን ያበላሸው የተገጠመው ዕቃ ነው ወይ? ፊልትሮው የኤሲ ኮምፕሬሰርን ወይም የመስኮት ሞተርን አያበላሽም። የሞተሩን ኮምፒዩተር ፕሮግራም ማስቀየር ግን ሌላ ነው፤ ቱርቦ ወይም ፒስተን ቢሄድ ዲለሩ ጠንካራ መከራከሪያ ያገኛል። ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም ቢመለስም ዱካው ሊገኝ ይችላል።

ክርክር ከተነሳ በቃል አትመለሱ። የትኛው ዕቃ የቱን ክፍል እንዴት እንዳበላሸ ጥገና ወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ፤ የኮዱንና የሴንሰሩን ፎቶም ውሰዱ። "ኦሪጅናል ስላልሆነ" ብቻ የሚል ጽሑፍ ምክንያት አይደለም። የዘይት ቅያሪ ደረሰኞችን ከነማይላቸው ይዛችሁ መጀመሪያ ለሰርቪስ ማናጀሩ፣ እምቢ ካለ ለአምራቹ የደንበኞች አገልግሎት አቅርቡና የመዝገብ ቁጥር ተቀበሉ። እዚያም ካልሆነ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር የሚታይበት ስሞል ክሌምስ ችሎት አለ፤ ጣሪያው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ 5,000፣ ዲሲ 10,000 ዶላር ነው። የአንድ ሴንሰር ዋጋና የእጅ ክፍያው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው።