ነታንያ ወይስ ሎድ? ሁለቱም ጋ ኖሬ ያየሁት

ቤት ሊቀይሩ ያሰቡ ዘመዶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። እዚህ እስራኤል ውስጥ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለችው ነታንያ ትሻላለች ወይስ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለችው ሎድ? ሎድ አራት ዓመት ኖረናል። ነታንያ ከገባን ደግሞ ሦስት ዓመት አለፈን። መልሴን ቀድሜ ልናገር፤ እኔ ነታንያን መርጫለሁ፣ ምክንያቴ ግን ባሕሩ አይደለም።

ከሎድ ልጀምር። ኢትዮጵያ ያሉ ጓደኞቼ ሎድ ስላቸው ዝም ነው። «ልዳ ናት እኮ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ልዳ» ስላቸው ግን ድምፃቸው ይቀየራል። መቃብሩ ያለበት ነው የሚባለው ቤተ ክርስቲያን አሮጌው ከተማ ውስጥ ነው፣ መስጊዱም ከጎኑ ተያይዞ ቆሟል። በ1996 ደግሞ (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) መንገድ ሲሠራ ከመሬት ሥር የወጣ፣ 1,700 ዓመት ገደማ የሆነው በትናንሽ ባለቀለም ድንጋዮች የተሠራ ወለል አለ፤ ዓሣው፣ አንበሳው፣ መርከቡ ሁሉ ተሥሎበታል። አሁን የራሱ ሙዚየም ተሠርቶለታል፣ ልጆች ይዛችሁ ሂዱ። ሎድን የሚንቁ ሰዎች ይህን አያውቁም።

ወደ ኑሮው ስንመጣ፣ እኔ የምሠራው ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ነው፣ በፈረቃ። ማረፊያው የተከፈተው በ1936፣ በእንግሊዞች ጊዜ ነው። የቤን ጉሪዮን ስም የተሰጠው የእስራኤል የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ቤን ጉሪዮን በ1973 ከሞቱ በኋላ ነው እንጂ ከዚያ በፊት የሎድ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር የሚባለው። ቅርበቱ ለፈረቃ ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። ሌሊት 10 ሰዓት መግባት ካለብኝ 9 ሰዓት ከሩብ እነሳለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ እወጣለሁ፣ እደርሳለሁ። ቀን 8 ሰዓት ላይ ቤቴ ነኝ። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነበርኩ፣ ይህን ዛሬም እናፍቀዋለሁ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሎድ ትልቅ የባቡር መገናኛ ናት፣ አውሮፕላን ማረፊያውም ባቡር አለው፤ ስለዚህ ሰው በካርታ ሲያየው አንድ ፌርማታ ይመስለዋል። መስመሩ ግን ሌላ ነው። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ቴል አቪቭ፣ ሃሃጋና ጣቢያ ወርጄ ባቡር ቀይሬ ተመልሼ መምጣት ነበረብኝ። መኪና ወይም የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ከሌላችሁ ቅርበቱን አትቁጠሩት።

ድምፁስ? እንደ ነፋሱ ነው። አውሮፕላኖቹ የሚነሱበትና የሚያርፉበት አቅጣጫ ስለሚለያይ ሳምንቱን ሙሉ ጸጥ ይልና ከዚያ አንድ ቀን መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። በሰንበት የእስራኤሉ አየር መንገድ ኤል አል አይበርም፣ ሌሎቹ ግን ይበራሉ። እውነተኛ ጸጥታ የሰማሁት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ በአስተሰርዮ፣ በዮም ኪፑር ጾም ቀን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ ይዘጋል። ያን ቀን በረንዳ ላይ ቆሜ የወፍ ድምፅ ስሰማ ልቤ ይሞላ ነበር።

ስለ ሎድ ሳወራ በግንቦት 2021 የተነሳውን የአይሁድና የአረብ ግጭት መዝለል አልችልም። አይሁድና አረብ አብረው የሚኖሩባት ከተማ ናት። በዚያ ሳምንት መኪና ሲቃጠል አይተናል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ከፎቃችን ሥር የምትኖረው አረብ ጎረቤታችን ደጋግማ ደውላ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ትለኝ ነበር። እኔም ስለ ልጆቿ እጠይቃታለሁ። ሁለታችንም በር ዘግተን በስልክ። ሎድን ክፉ ከተማ ናት ብዬ የማልጽፈው በእሷ ምክንያት ነው። ፍርሃቱ ግን ለወራት ከቤታችን አልወጣም።

እንድንለቅ ያደረገን ግን ይህም አይደለም፣ እማዬ ናት። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከመጡት አንዷ ናት፣ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ዕብራይስጥ ብዙ አትችልም። እኛ ሰፈር አማርኛ የሚናገር ሰው ጥቂት ነበር፣ ያለውም ቀን ሥራ ላይ ነው። ሁላችን ጠዋት ስንወጣ እሷ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች። ማታ ስንመለስ እዚያው ናት። አንድ ቀን «ዛሬ ከማንም ጋር አላወራሁም» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረም፣ እንዲሁ ነበር የነገረችኝ። ያ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ።

ነታንያ፣ ኪርያት ኖርዳው የሚባል ሰፈር ገባን። በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃው ላይ አንዲት ሴትዮ ሰላም አሏት፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ከየት ነሽ ተባባሉ፣ የአገር ሰው ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ቤት አትገኝም። ቡናው በየተራ ነው። ሱቁ ጤፉንም በርበሬውንም ያመጣል፣ ሻጩ በአማርኛ ያናግራታል፣ ለስግድ በዓላችን ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው አውቶቡስ ከሰፈሩ ይነሳል። ሐኪም ቤት እንኳን የምታስተረጉምላት የጎረቤት ልጅ አታጣም።

ባሕሩን በተመለከተ ደግሞ ሐቁን ልንገራችሁ። ያምራል። ወደ 14 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባሕር ዳርቻ ነው፣ ከተማው ከገደል አናት ላይ ስለሆነ ወደ አሸዋው የሚያወርድ የመስታወት ሊፍት አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከላይ ሆኖ ማየት ነፃ ነው። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ሜዱዛው፣ ያ የሚለበልበው የባሕር ፍጥረት፣ ይመጣል፣ ልጄን እግሩን ሲለበልበው ሦስት ቀን አልቅሷል። የዋና ጠባቂዎቹ ያሉት በወቅቱ ብቻ ነው። ክረምት ላይ፣ እዚህ ማለት ታኅሣሥና ጥር አካባቢ፣ ባሕሩ ይቆጣል፣ ያኔ አትግቡበት፣ እለምናችኋለሁ።

እርጥበቱ ሌላ ጣጣ ነው። ጨው ያለበት አየር ብረት ይበላል፤ የበረንዳው ፍርግርግ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የመኪናው ሥር፣ ሁሉም ይዝጋል። እንጀራ ቶሎ ይሻግታል፣ እማዬ ሎድ በሦስት ቀን የምታደርቀው በርበሬ እዚህ ሳምንት ተሰጥቶም ጣት ላይ ይለጠፋል። ግድግዳው ላይ የሚወጣውን ሻጋታ ያከራየን ሰውዬ ዘንድሮ ነው በሁለተኛው ክረምት ልመና ያስጠገነው፤ ሲያከራየን አዲስ ቀለም ቀብቶ ሸፍኖት ነበር። ስለዚህ ቤት ስታዩ አልጋ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉ፣ ከኋላው አሽትቱ። ማማድ፣ ቤት ውስጥ ያለ ከሮኬት መጠለያ ክፍል፣ መኖሩንም ጠይቁ፤ ከ1990ዎቹ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ የላቸውም፣ ከአራተኛ ፎቅ ወደ ምክላት፣ ወደ ጋራ መጠለያው፣ ሽማግሌ ይዞ መሮጥ ምን እንደሆነ ሁላችንም አውቀነዋል።

ኪራዩ ይከብዳል። ሎድ ለአራት ክፍል የምንከፍለው ነታንያ ለሦስት አልበቃንም፣ ያውም ከባሕሩ ርቀን። ወደ ባሕሩ የቀረቡት ሕንፃዎች ብዙ መኖሪያዎቻቸው የውጭ ሰዎች ናቸው፣ በተለይ የፈረንሳይ፤ ነሐሴ ላይ ይሞላሉ፣ ክረምት ማታ ግን መብራት የሚታይባቸው መስኮቶች ጥቂት ናቸው። ሰው ያለባት ነታንያ ወደ ውስጥ ያለችው ናት። እዚያ ፈልጉ።

ዋጋውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ወደ ሥራ ወደ 45 ኪሎ ሜትር ነው። ለሌሊት ፈረቃ አሁን 7 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ፣ ከቀን ፈረቃ ስመለስ መንገድ 4 ላይ አንድ ሰዓት ተኩል የቆምኩበት ቀን ብዙ ነው። በሰንበት ባቡር የለም። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣቸው አሁን ባለቤቴ ነው። ይህ ሁሉ ያደክመኛል። ነጠላ ሠራተኛ ብሆን፣ ወይም ቤት ውስጥ ቀኑን ብቻዋን የምትውል እናት ባትኖረኝ፣ ሎድን አልለቅም ነበር። ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ዛሬም ሎድ ግቡ ነው የምለው፣ በተለይ ጋኔ አቪቭ የሚባለው ሰፈር፣ የራሱ የባቡር ጣቢያ አለው።

እኔ ግን ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስመለስ እማዬን ገደሉ አናት ላይ ካለው መናፈሻ እወስዳታለሁ። ጓደኞቿ ቀድመው ይጠብቋታል። አግዳሚ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ ባሕሩ ነው የተተከሉት። እነሱ ግን ፕላስቲክ ወንበር ይዘው ይመጡና ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ እማዬ ሁልጊዜ ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ ነው። የኪራይ ውላችን መስከረም ላይ ያልቃል፣ እናድሳለን።